የአየር ወለድ ብናኝን በመጠን የሚለዩ መሣሪያዎች አፈጻጸም ፍተሻ፦ የሰንበቴ ገበያና ማጀት እንደ ማሳያ

ሰንበቴ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እሑድ እሑድ በሚቆመው ገበያዋ ከደጋው የሚወርደው አማራና አርጎባ፣ የአካባቢው ኦሮሞና ከቆላው የሚመጣው አፋር ይገናኛሉ፤ ግመሉ፣ ከብቱና ፍየሉም አብሮ ይሰበሰባል። በበጋ ወራት ገበያው ሲደምቅ ከሰኮናና ከመኪና ጎማ ሥር የሚነሣው አቧራ ከሰው ቁመት በላይ ይንሳፈፋል። በማግሥቱ ወይም በዚያው ዕለት ማለዳ ደግሞ ገበያ የዋለችው ሴት በማጀቷ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የእንጨትና የኩበት ጢስ ትተነፍሳለች። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእነዚህ ሁለት የብናኝ ምንጮች የትኛውን አብዝቶ ይተነፍሳል የሚለው ጥያቄ ለጤና ባለሙያም ለምድጃ አሻሻይም ለመንገድ ሠሪም ትርጉም አለው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን በመሣሪያው ጠባይ ይወሰናል። የማጀት ጢስ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አብዛኛው ክብደቱ ከ1 ማይክሮሜትር በታች በሆኑ ቅንጣቶች ላይ ያርፋል። የገበያ አቧራ ግን ሻካራ ነው፤ ክብደቱ የሚበዛው ከ2.5 ማይክሮሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በመጠን መለየት ላይ የሚሳሳት መሣሪያ በማጀት ውስጥ ስሕተቱ ሳይታወቅ ሊሠራ፣ ገበያ ላይ ሲቆም ግን የተዛባ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከሁለቱ ቦታዎች የተገኙት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡም የመሣሪያው ጉድለት የቦታዎቹ ልዩነት መስሎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ፣ በቤተ ሙከራና በመስክ እንዴት እንደሚፈተሽ ይመረምራል።

መጠን ሲባል የትኛው መጠን ነው

ፒኤም 2.5 እና ፒኤም 10 የሚሉት መለያዎች የሚያመለክቱት በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ስፋት ሳይሆን ኤሮዳይናሚክ ዲያሜትርን ነው። ይህም እፍጋቱ በኩቢክ ሴንቲሜትር 1 ግራም የሆነ፣ ከቅንጣቱ ጋር በእኩል ፍጥነት በአየር ውስጥ የሚወርድ ክብ ቅንጣት ዲያሜትር ማለት ነው። የአፈር ማዕድን እፍጋት ወደ 2.6 ይጠጋል። በመሆኑም የቅርጹ ጉዳይ ለጊዜው ቢተው፣ በማይክሮስኮፕ 1.55 ማይክሮሜትር የሚለካ የአፈር ቅንጣት በአየር ውስጥ የሚሄደው እንደ 2.5 ማይክሮሜትር ቅንጣት ነው። በማይክሮስኮፕ 2.5 የሆነው ደግሞ ወደ 4 ይጠጋል።

ይህን መጠን በቀጥታ የሚጠቀሙት ኢምፓክተርና ሳይክሎን ናቸው። በኢምፓክተር ውስጥ አየር በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ በፍጥነት ወደ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይወረወራል። አየሩ ከገጹ ፊት ሲታጠፍ ቀላሉ ቅንጣት አብሮት ይታጠፋል፤ ከባዱ ግን መታጠፍ ስለማይችል ገጹን መትቶ ይጣበቃል። ግማሹ የሚያዝበትና ግማሹ የሚያልፍበት መጠን የመሣሪያው የመቁረጫ መጠን ይባላል። እንግሊዛዊው ኬ. አር. ሜይ እ.ኤ.አ. በ1945 ያስተዋወቀው ካስኬድ ኢምፓክተር ቀዳዳዎቹን እያጠበበ በመደርደር ብናኙን በአራት ደረጃ ይለይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የቀረበው የአንደርሰን ኢምፓክተር ደግሞ በደቂቃ 28.3 ሊትር አየር እየሳበ ዛሬም በብዙ ቤተ ሙከራዎች ያገለግላል።

የመቁረጫ መጠኑን የሚወስነው ስቶክስ ቁጥር የሚባለው ንጽጽር ነው። ይህ ቁጥር ከቅንጣቱ መጠን ካሬና ከአየሩ ፍጥነት ጋር ይጨምራል፤ ከአየሩ ቪስኮሲቲና ከቀዳዳው ስፋት ጋር ይቀንሳል። ክብ ቀዳዳ ባለው ኢምፓክተር ግማሹ ቅንጣት የሚያዘው ቁጥሩ 0.24 አካባቢ ሲደርስ ነው። ስሌቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በ3.9 ሚሊሜትር ቀዳዳ በኩል በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር ቢያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 23 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ፍጥነት፣ በባሕር ጠለል ግፊትና በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚገኘው የመቁረጫ መጠን 2.5 ማይክሮሜትር ነው። በአሜሪካ መደበኛ የፒኤም 2.5 ናሙና መውሰጃ ላይ የተተከለው ኢምፓክተር የተሠራው በእነዚህ ልኬቶች ነው።

ከስሌቱ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ ቀዳዳው ካልተለወጠ የመቁረጫ መጠኑ በአየሩ ፍሰት እጅ ነው። ፍሰቱ ሲጨምር መጠኑ በስኩዌር ሩት ተመን ያንሳል። በሳይክሎን ውስጥ አየሩ ስለሚሽከረከር ስሌቱ ይወሳሰባል፤ ለፍሰት ያለው ስሜታዊነትም ብዙ ጊዜ ከኢምፓክተር ይከፋል።

የቤተ ሙከራ ፍተሻ

ዋናው ፍተሻ መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ወጥ ቅንጣቶችን አመንጭቶ፣ ወደ መሣሪያው የገባውንና ያለፈውን ማነጻጸር ነው። ለደቃቁ መጠን በውኃ የተበተኑ የፖሊስታይሪን ላቴክስ ክብ ቅንጣቶች ይረጫሉ። ለሻካራው ደግሞ ፈሳሽ በሚንቀጠቀጥ ቀዳዳ በኩል እየተቆራረጠ ወጥ ጠብታ እንዲሆን ይደረጋል፤ በርግሉንድና ሊዩ ይህን ስልት ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በፈሳሹ ውስጥ አብረቅራቂ ቀለም ከተጨመረ በገጹ ላይ የተያዘውንና በማጣሪያው ላይ ያለፈውን አጥቦ በፍሎሮሜትር መለካት ይቻላል።

በየመጠኑ የተያዘው ድርሻ በግራፍ ሲነደፍ ኤስ መሰል ኩርባ ይወጣል። ከኩርባው ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው የመቁረጫ መጠኑ ራሱ ሲሆን፣ የአሜሪካ ደንብ ለፒኤም 2.5 የሚፈቅደው 2.5 ± 0.2 ማይክሮሜትር፣ ለፒኤም 10 ደግሞ 10 ± 0.5 ማይክሮሜትር ነው። ሁለተኛው የኩርባው ቁልቁለት ነው። 84 በመቶ የሚያዝበት መጠን 16 በመቶ ለሚያዝበት ተካፍሎ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ሲወሰድ የሹልነት መለኪያ ይገኛል፤ ፍጹም መሣሪያ ቢኖር ይህ ቁጥር 1 ይሆን ነበር። ለሰንበቴ ገበያ ሁለተኛው ከአንደኛው አያንስም። የአቧራው ክብደት ከ2.5 በላይ ተከምሮ ሳለ ኩርባው ዘንበል ያለ ከሆነ፣ የመቁረጫ መጠኑ ልክ ቢሆንም እንኳ ከሻካራው ወገን ጥቂት እያፈተለከ ማጣሪያውን ያከብደዋል። በማጀት ውስጥ የሚያፈተልክ ሻካራ ብናኝ እምብዛም ስለሌለ ይኸው ጉድለት አይታይም።

በፈሳሽ ጠብታ የተፈተነ መሣሪያ ለደረቅ አቧራ ዋስትና አይሆንም። ጠብታ ገጹን ሲመታ ይጣበቃል፤ ደረቅ የአፈር ቅንጣት ግን ይነጥራል፤ ነጥሮም ከአየሩ ጋር ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። ለዚህ ነው ገጹ በቅባት ወይም በሲሊኮን ዘይት የሚቀባው። ዘይቱም በጊዜ ብዛት በአቧራ ይሸፈናል፤ ከቀዳዳው ሥር የሚከመረው ጉብታም የአየሩን መታጠፊያ ይለውጣል። መደበኛው የአሜሪካ ኢምፓክተር ከአምስት የ24 ሰዓት ናሙናዎች በኋላ እንዲጸዳ የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ደንብ የወጣው ለከተማ አየር እንጂ ለከብት ገበያ አይደለም፤ ሰንበቴ ላይ ከእያንዳንዱ የገበያ ቀን በኋላ ማጽዳት የሚበዛ ጥንቃቄ አይሆንም።

የአየር ማስገቢያው ጭንቅላት ደግሞ በነፋስ ዋሻ ይፈተናል። ለፒኤም 10 የተደነገጉት የነፋስ ፍጥነቶች በሰዓት 2፣ 8 እና 24 ኪሎሜትር ናቸው፤ ሻካራ ቅንጣት በነፋስ ጊዜ ወደ ማስገቢያው መታጠፍ አቅቶት ሊያልፍ ስለሚችል ነው።

ከፍታና ግፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰንበቴ የሚሄድ መሣሪያ ከ2300 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከደሴ የሚመጣውም በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። መሣሪያው የተሠራበትና የተፈተነበት ፋብሪካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል ብዙም አይርቅም። የባሕር ጠለል ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ለስሌት ያህል 1400 ሜትር ላይ 86፣ አዲስ አበባ ላይ 76፣ ደሴ ላይ 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው።

ግፊት መቀነሱ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የአየሩ ሞለኪውሎች ስለሚራራቁ ቅንጣቱ በመካከላቸው የመንሸራተት ዕድል ያገኛል፤ ካኒንግሃም በሚባለው ማስተካከያ ሲሰላ የ2.5 ማይክሮሜትር መቁረጫ በ1400 ሜትር የሚለወጠው ከ1 በመቶ በታች ነው። በካስኬድ ኢምፓክተር ታችኛ ደረጃ ላይ፣ 0.4 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ለውጡ ወደ 3 በመቶ ይደርሳል። ጢስን በመጠን ለሚከፋፍል ተመራማሪ ይህ መመዝገብ አለበት፤ ለሌላው ግን አያሳስብም።

ጉዳት የሚያመጣው የፍሰት መለኪያው ነው። ሦስት ዓይነት መለኪያዎች ሦስት የተለያየ ስሕተት ይሠራሉ።

የሙቀት ዘዴን የሚጠቀም የፍሰት መቆጣጠሪያ የሚለካው የአየሩን መጠነ ቁስ ነው። 16.7 ሲል በመደበኛ ግፊትና በ20 ዲግሪ ያለ 16.7 ሊትር ማለቱ ነው። በ1400 ሜትርና በ28 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያን ያህል ቁስ ለማሳለፍ በቀዳዳው የሚያልፈው ትክክለኛ ይዘት በደቂቃ 20.3 ሊትር ይሆናል። የመቁረጫ መጠኑም ከ2.5 ወደ 2.3 ማይክሮሜትር ይወርዳል፤ ይህም የተፈቀደው ወሰን የመጨረሻ ጫፍ ነው። ያው መሣሪያ አዲስ አበባ ላይ ቢሠራ ወደ 2.2 ገደማ ወርዶ ከወሰኑ ይወጣል።

ሮታሜትር፣ ማለትም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ኳስ የሚንሳፈፍበት መለኪያ፣ በአየሩ እፍጋት ስኩዌር ሩት ይሳሳታል። ኳሱ ከ16.7 ፊት ሲቆም በሰንበቴ የሚያልፈው ትክክለኛ ፍሰት 18.4 ሊትር ያህል ነው፤ የመቁረጫ መጠኑም 2.4 ይሆናል። ሮታሜትር ግን አንድ ሁለተኛ ጣጣ አለው። ተመራማሪው የብናኙን ክብደት የሚያካፍለው ለተነበበው ይዘት ስለሆነ የአየሩን ክምችት በ10 በመቶ አብዝቶ ያሰላል። በማጀት ውስጥ ጢሱ በሙሉ የሚያልፍ በመሆኑ 10 በመቶው ሙሉ በሙሉ በውጤቱ ላይ ይቀራል። በገበያ ላይ ግን የመቁረጫው ማነስ ከአቧራው ጥቂቱን ስለሚያስቀር ሁለቱ ስሕተቶች በከፊል ይጣፋሉ። አንድ መለኪያ በሁለት ቦታ የተለያየ ስሕተት ሠራ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሳሙና አረፋ መለኪያ ነው። አረፋው በታወቀ ይዘት ቱቦ ውስጥ የሚወጣበት ጊዜ በሰዓት ይለካል። ይህ ቀላልና ርካሽ ዕቃ የሚለካው በቦታው ያለውን ትክክለኛ ይዘት ስለሆነ ግፊቱ አያታልለውም፤ ከሦስቱ ለመስክ የሚበጀውም እርሱ ነው። በደቂቃ 1.5 ሊትር በሚስቡ፣ በሰው ልብስ ላይ በሚሰቀሉ የፒኤም 2.5 ሳይክሎኖች ላይ በተለይ ይመቻል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሮታሜትሩ በፋብሪካው ምልክት ከመታመን ይልቅ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ፣ ለምሳሌ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ፣ በአረፋ መለኪያ ቢስተካከልና ሰንበቴ ቢወርድ ስሕተቱ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ከተስተካከለ በሰንበቴ ፍሰቱ የሚያንሰው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የመቁረጫ መጠኑም ወደ 2.56 ቢወጣ ከወሰኑ ውስጥ ነው። ሰንበቴ ላይ ማስተካከል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። «ፓምፑ ካሊብሬት ተደርጓል» የሚል ዐረፍተ ነገር የት፣ በምን ግፊትና በስንት ዲግሪ ካልተባለ ለአንባቢ ምንም አይነግርም።

ከፍታው በውጤት አቀራረብ ላይም ይገባል። በአሜሪካ አሠራር ፒኤም 2.5 የሚገለጸው በቦታው ባለው ትክክለኛ የአየር ይዘት ሲሆን፣ ፒኤም 10 ግን ወደ 25 ዲግሪና ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ተመልሶ ነው። ከባሕር ጠለል ብዙ ባልራቀ ከተማ ልዩነቱ አይታወቅም። በሰንበቴ ግን ሁለተኛው አገላለጽ ቁጥሩን በ20 በመቶ ያህል ያበዛዋል። በትክክለኛው ይዘት በኩቢክ ሜትር 40 ማይክሮግራም የሆነ ፒኤም 10 ወደ መደበኛው ሲመለስ 48 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት የፒኤም 10 ወሰን 45 ነው፤ አንዱ አገላለጽ ከወሰኑ በታች፣ ሌላው በላይ ያደርገዋል። በሁለት አገላለጽ የተጻፉ ቁጥሮችን ተካፍሎ የደቃቁን ድርሻ ማውጣት ደግሞ ፍጹም አይገባም።

ብርሃን የሚጠቀሙ ሴንሰሮች

በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የፒኤም 2.5 መጠንን በየሰዓቱ በይፋ ያሳውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየሀገሩ ያሉ ኤምባሲዎቹን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ርካሽ ሴንሰሮችን ከታመነ መሣሪያ ጋር ለማነጻጸር ይጠቀሙበት ለነበሩ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ሴንሰሮቹን ራሳቸውን የመፈተሽ ኃላፊነትም የዚያኑ ያህል ከብዷል።

እነዚህ ሴንሰሮች በቅንጣቱ ላይ የተበተነውን የሌዘር ብርሃን ለክተው መጠኑን ይገምታሉ። የብርሃኑ መበተን በቅንጣቱ ቀለም፣ ቅርጽና የብርሃን ስብረት ላይ ይመረኮዛል። የክብደት ግምቱም እፍጋትን አስቀድሞ ይገምታል፤ ሴንሰሩ እፍጋቱን 1 ብሎ ቢይዝ የአፈር ቅንጣቶችን አንድም ሳይስት ቢቆጥር እንኳ ክብደታቸውን 2.6 ጊዜ ያሳንሳል። ችግሩ ግን ከዚህም ይብሳል። የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ፍተሻ በሰፊው የሚታወቁ ርካሽ ሴንሰሮች ወጥ ቅንጣት እየተሰጣቸው ተፈትነው ነበር። ፒኤምኤስ 5003 በትክክል የሚያውቀው ከ0.7 ማይክሮሜትር በታች ያለውን፣ ኤስፒኤስ 30 ደግሞ ከ1.3 በታች ያለውን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ስላለው ሻካራ ብናኝ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የፒኤም 10 ቁጥር በአብዛኛው ከደቃቁ ተነሥቶ የተሰላ ግምት ነው።

ይህ ግኝት በሰንበቴ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሴንሰሩ ማጀት ውስጥ ጢሱን አይቶ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። እሑድ ከከብቱ ተራ ቢተከል ግን አቧራው ዓይን እያጨለመ ሳለ መጠነኛ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ «ችግሩ ጢሱ ብቻ ነው» የሚል ድምዳሜ ቢጻፍ ምርጥ ምድጃን ለማስፋፋት ይረዳ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ከግመልና ከከብት መካከል የሚውለው ደላላና ነጋዴ የሚተነፍሰው አቧራ ግን ከሒሳቡ ይወጣል። በክረምት ደግሞ እርጥበት ቅንጣቶችን ስለሚያሳብጥ ሴንሰሩ ወደ ላይ ይሳሳታል።

በመስክ የሚቻለው ፍተሻ

የወጥ ቅንጣት ማመንጫ በሌለበት ቦታም ብዙ ማድረግ ይቻላል። ፍሰቱ ከናሙናው በፊትና በኋላ በአረፋ መለኪያ ይለካል፤ የቦታው ግፊትና ሙቀትም አብሮ ይመዘገባል። ማስገቢያው ተዘግቶ ፓምፑ ሲነሣ ፍሰቱ ወደ ዜሮ ካልወረደ አየር የሚያስገባ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ በዚያ ክፍተት የሚገባው አየር በቀዳዳው ሳያልፍ ስለሚመጣ የመቁረጫ መጠኑን ያሳድጋል። አየር ያልተሳበባቸው ባዶ ማጣሪያዎችም አብረው ሄደው አብረው ይመዘናሉ።

ሁለት አንድ ዓይነት መሣሪያዎች ጎን ለጎን መትከል የተለመደ ነው፤ ይህ ግን የሚያሳየው መስማማታቸውን ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ቢሳሳቱ አይታወቅም። የተሻለው የመቁረጫ ስልታቸው የተለያየ ሁለት መሣሪያዎችን፣ ለምሳሌ ዘይት የተቀባ ኢምፓክተርና ሳይክሎን፣ መጀመሪያ ማጀት ውስጥ ቀጥሎ ገበያ ላይ ማቆም ነው። ማጀት ውስጥ ከተስማሙ ፍሰታቸውና ሚዛናቸው ደኅና ነው። ገበያ ላይ ከተለያዩ ልዩነቱ ከመጠን መለየት የመጣ ስለሆነ መነጠር፣ የገጽ መሸፈን ወይም የኩርባ ዘንባላነት ይፈለጋል። የኢምፓክተሩን ገጽ ቀብቶና ሳይቀቡ በሁለት ተከታታይ ሰዓታት መሞከር የመነጠሩን ድርሻ ለይቶ ያወጣል።

ሜይ በ1945 የተጠቀመበት ማይክሮስኮፕም አላረጀም። ከኢምፓክተሩ በኋላ ባለው ማጣሪያ ወይም በመስታወት ስላይድ ላይ ያለፉትን የአፈር ቅንጣቶች በተመረቀ ሌንስ መለካትና እያንዳንዱን ስፋት በ1.6 አባዝቶ ወደ ኤሮዳይናሚክ መጠን መለወጥ ይቻላል። የቅርጻቸው አለመስተካከል ግምቱን ያላላዋል። ቢሆንም 3 ማይክሮሜትር የሚለኩ የአፈር ቅንጣቶች፣ በስሌቱ ወደ 5 የሚጠጉት፣ ከ2.5 መቁረጫ በታች በብዛት ከተገኙ መሣሪያው እያሳለፈ ነው።

ለብርሃን ሴንሰር ደግሞ በፖሊስታይሪን ላቴክስ የተሠራ የፋብሪካ ምስክር ወረቀት ለሰንበቴ አይበቃም። የገበያው አፈር ተወስዶ፣ ደርቆና ተነፍቶ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በማራገቢያ ሲበተን ሴንሰሩና ማጣሪያ ያለው ሳይክሎን ጎን ለጎን ይለካሉ። ቀጥሎ በዚያው ሣጥን የእንጨት ጢስ ይገባል። ከሁለቱ ሙከራዎች ሁለት የተለያዩ የማስተካከያ ቁጥሮች ይገኛሉ። ጢስና አቧራ በተቀላቀሉበት ቦታ፣ ለምሳሌ በገበያው ዳር ቡና በሚፈላበትና እንጀራ በሚሸጥበት ዳስ፣ ከሁለቱ አንዱንም መጠቀም አይቻልም፤ እዚያ የሚያስኬደው በማጣሪያ ተይዞ የሚመዘን ናሙና ነው።